የጣና ነጭ አሳ ሳያልቅ፦ ከጉማራ ወንዝ እስከ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ እስከ ቢሮ ምን ምን ይሰራል

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በጠዋት ጉማራ ወንዝ ጣና ጋ የሚገናኝበት ቦታ በጀልባ ሂዱና መረብ ሲሳብ እዩ። ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፣ መረቡ ላይ የተጠላለፈችዋን ነጭ አሳ ሆዷን በአውራ ጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጫን ብትሏት አንዳንዷ ቢጫ እንቁላል ታንጠባጥባለች። ያቺ አሳ ሽቅብ ወጥታ ጠጠር ላይ ልትወልድ እየሄደች ነበር፣ ለምሳ ሰአት ባህርዳር ላይ ጉላሽ ሆና ትቀርባለች። እኔም በልቻለሁ፣ ማንንም ለመውቀስ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ተመራቂ ተማሪዎችም፣ የአሳ አስጋሪ ማህበር ልጆችም፣ አንድ ሁለት የወረዳ ባለሙያዎችም "የጣናን አሳ በዲኤንኤ እናጥና፣ ከምን እንጀምር?" እያሉ ስለጠየቁኝ ነው። መልሴ ሁሌ አንድ ነው፣ ከዲኤንኤው አትጀምሩ። ጥናቱ መጨረሻ ላይ አንድ ወንዝ አፍ ለሁለት ወር ከመረብ እንዲያርፍ ካላደረገ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ የአሳ ክንፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እያሰብን እንሂድ።

መጀመሪያ ምን እንዳለን እንወቅ

ገበያ ላይ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ አሳ እንላለን። ነጭ አሳ ስንል ግን አንድ አሳ አይደለም፣ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚለው ወገን ነው፣ ጣና ውስጥ ብቻ ያሉ ቢያንስ 15 አይነት ዝርያዎች አሉ። ጭስ አባይ ወደ 40 ሜትር ስለሚወርድ ከታች ያለ አሳ ወደ ላይ መውጣት አይችልም፣ እዚህ ያለው እዚሁ ተለያይቶ ነው የተፈጠረው። ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 1990ዎቹ ቁጭ ብለው አፉን፣ አይኑን፣ ጢሙን፣ ጀርባውን እየለኩ ለዩአቸው፣ አሳ አጥማጆቹ ግን ከነሱ በፊት ብዙዎቹን በመልክ ይለዩ ነበር። ኔድጊያ የሚባለው ከንፈሩ ወፍራም ነው፣ ማክሮፍታልመስ አይኑ ትልቅ ነው፣ ሜጋስቶማ አፉ ሰፊ ነው፣ አኩቲሮስትሪስ አፍንጫው ሹል ነው፣ ብሬቪሴፋለስ ጭንቅላቱ አጭር ነው። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ አሳ የሚበሉ ናቸው፣ ይሄ በካርፕ ቤተሰብ ውስጥ በጣም የሚገርም ነገር ነው፣ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ እንኳን የላቸውም።

በአለም ላይ እንዲህ አይነት ስብስብ የነበረበት ሌላው ሃይቅ ፊሊፒንስ ያለው ላናኦ ነው። እዛ ከነበሩት 17 ብቸኛ ዝርያዎች 15ቱ እንደጠፉ በፈረንጅ 2020 ታውጇል፣ ምክንያቱም ከውጭ ያመጡት አሳ በላቸው፣ ከዛ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ ተጠመዱ። ጣና የቀረን እሱ ነው።

ጣናም ደህና አይደለም። በፈረንጅ 1986 ሞተር ጀልባና ናይለን መረብ ከመግባቱ በፊት በደንገል ታንኳ ነበር የሚሰገረው፣ ከዛ በኋላ በባህርዳር በኩል ባለው የሃይቁ ደቡባዊ ክፍል ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወንዝ ላይ የሚወልዱት ነጭ አሳዎች ወደ 75 በመቶ ቀነሱ። ቀረሶና አምባዛ እንዲህ አልወረዱም። ልዩነቱ ቀላል ነው፣ ነጭ አሳው ሊወልድ ሲሄድ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ ስለሚገኝ አንድ መረብ ብዙ ይይዛል፣ ያውም እንቁላል ያዘለውን።

ደረጃ 1፦ ጥያቄያችሁን አንድ አድርጉት

"የጣና አሳ የዘረመል ብዝሃነት" ብላችሁ ርእስ አትያዙ፣ ይሄ ጥያቄ አይደለም፣ መጋዘን ነው። እኔ የምመክረው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ጉማራ ላይ የሚወልደው አሳ፣ ርብ ላይ፣ መገጭ ላይ፣ ግልገል አባይ ላይ ከሚወልደው ጋር አንድ ህዝብ (እርስ በርሱ የሚዋለድ አንድ የአሳ ስብስብ) ነው ወይስ እያንዳንዱ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል? ለምን ይሄ? ምክንያቱም አንድ ህዝብ ከሆኑ ርብ ላይ ግድብ ቢዘጋው ጉማራ ሊተካው ይችላል ብሎ መከራከር ይቻላል። የተለያዩ ከሆኑ ግን አንድ ወንዝ መዝጋት ማለት የሆነ ቤተሰብን ለዘላለም መዝጋት ማለት ነው። የግልገል አባይ ገባር የሆነው ቆጋ ላይ ግድብ አለ፣ ርብ ላይ አለ፣ መገጭ ላይም ተጀምሯል፣ ስለዚህ የመስኖ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ብትቀርቡ ይሰሟችኋል፣ "ብዝሃነት ጥሩ ነው" ብትሉ ሻይ ጋብዘው ይሸኟችኋል።

አንድ ዝርያ ብቻ ምረጡ፣ ቢበዛ ሁለት። ወንዝ ላይ በእርግጠኝነት የሚወልድ፣ በሁሉም ወንዞች የሚገኝና ለመለየት የማያስቸግር ይሁን።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ

ይሄ አሰልቺ ነው ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አሳው ሐምሌ ላይ ወንዝ ይገባል፣ መስከረም መጨረሻ ጥቅምት ላይ አልቆለታል፣ ደብዳቤያችሁ ነሐሴ ላይ ቢፈረም አንድ አመት ተቃጠለ። እኔ አንድ ጊዜ ደብዳቤዬ የሆነ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሶስት ወር ተኝቶ፣ "ፈራሚው ስልጠና ላይ ነው" እየተባልኩ ተመላልሼ፣ ሲፈረም ወንዙ ጎድሎ ነበር። ስለዚህ አሁን ሚያዝያ ላይ እጀምራለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ፦ የተቋማችሁ የጥናት ደብዳቤ፣ የክልሉ አሳ የሚመለከተው ቢሮ ፈቃድ፣ ወረዳና ቀበሌ (ጉማራ ከሆነ ፎገራና ደራ በኩል ነው)። ክንፍ ቆርጣችሁ ዲኤንኤ ልታወጡ ከሆነ፣ በተለይ ለሲኩዌንሲንግ (ዲኤንኤውን ፊደል በፊደል ለማስነበብ) ውጭ ሀገር ልትልኩ ከሆነ፣ የጄኔቲክ ሀብትና የማህበረሰብ እውቀት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ በሱ መሰረት ከብዝሃ ህይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ቲዩብ በኪስ አድርጎ በአውሮፕላን መውጣት የሚባል ነገር አለ፣ አታድርጉት፣ ህገወጥ ነው፣ በዛ ላይ በኋላ ጆርናሉ ራሱ የፈቃድ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ባህርዳር የአሳና ሌሎች የውሃ ውስጥ ህይወት ምርምር ማእከል ስላለ እነሱን ገና በሀሳብ ደረጃ ሳላችሁ አማክሯቸው፣ ለአመታት ሲለኩ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ደረጃ 3፦ ከአሳ አጥማጁ ጋር ቁጭ በሉ

ኮፍያ አድርጋችሁ ደብተር ይዛችሁ አትሂዱ፣ የመንግስት ቀረጥ የሚሰበስብ ይመስላቸዋል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንድ ሽማግሌ "አያ፣ ነጭ አሳ ወንዝ የሚገባው መቼ ነው?" ብላቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝና "አንተ የተማርከው ምንድን ነው ታዲያ?" አሉኝ። ሳቅን፣ ከዛ በኋላ ነው ነገር የተጀመረው። ወንዙ መጀመሪያ ሞልቶ ሲደፈርስ አሳው አፉ ላይ ተሰብስቦ እንደሚጠብቅ፣ ከዛ ሲወጣ ሽቅብ ወደ ትንንሾቹ ገባሮች እንደሚሄድ፣ ውሃው ንጹህ ፈጣን ሆኖ ታቹ ጠጠር የሆነ ቦታ ላይ እንደሚወልድ፣ እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ሁሉ እሳቸው ቦታውን በስሙ እየጠሩ ነገሩኝ።

የቀን አበል ክፈሏቸው፣ የነዳጅ ክፈሏቸው፣ መረባቸው ከተቀደደ አሰፉላቸው። ጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ሃይቁን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል፣ እንደ ተመሪ ሳይሆን እንደ መሪ ውሰዷቸው። የብርብራን ነገርም በዚሁ ጠይቁ፣ ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ላይ ሲጨምሩት አሳው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል፣ ትልቁ ይለቀማል ትንሹ ጫጩት ዝም ብሎ ይሞታል። ሰው በፈቃዱ ይነግራችኋል፣ ካልፈረዳችሁበት።

ደረጃ 4፦ ወንዝ ላይ፣ ይሄ ነው ዋናው ስራ

ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ በየሁለት ሳምንቱ፣ በአራት ወንዝ አፍ። መረባችሁ የተለያየ አይን ያለው ይሁን፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 14 ሴንቲ ሜትር ተወጥሮ ሲለካ። አንድ አይነት አይን ብቻ ከተጠቀማችሁ አንድ አይነት መጠን ያለው አሳ ብቻ ትይዛላችሁና "ትንሽ አሳ የለም" ብላችሁ የውሸት መደምደሚያ ትጽፋላችሁ። ስንት ሜትር መረብ ስንት ሰአት ውሃ ውስጥ እንደቆየ በየቀኑ ጻፉ፣ ያለዚህ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ማወዳደር አይቻልም። መረቡን ሙሉ ሌሊት አትተዉት፣ አሳውን በህይወት መልቀቅ ስለምትፈልጉ በየሁለት ሰአቱ እዩት።

አሳው ሲወጣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። እጃችሁን አርጥቡ (ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ልጋግ ያነሳበታል)፣ አሳውን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አድርጉ። አንድ ሰው ይይዛል፣ አንድ ሰው ይጽፋል፣ ሶስተኛው ይቆርጣል። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው መሰንጠቂያ ድረስ ለኩ፣ መዝኑ፣ ግራ ጎኑ እንዲታይ በቀኝ ጎኑ አስተኝታችሁ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ አፉ ተዘግቶ፣ ጢሙ ታይቶ፣ ክንፉ ተዘርግቶ ይሁን። ለምን ፎቶ ላይ እንዲህ እንደማተኩር ቀጥሎ ላብራቶሪ ላይ ስንደርስ ይገባችኋል። ጾታውን ሆዱን ጫን በማድረግ እዩ፣ እንቁላል ወይ ነጭ ፈሳሽ ከወጣ ለመውለድ ደርሷል ማለት ነው፣ ይህ በጣም አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም የዚያ ወንዝ "ተወላጅ" ብላችሁ መቁጠር የምትችሉት ለመውለድ የመጣውን ብቻ ነው፣ በዛ በኩል ያልፍ የነበረውን አይደለም።

ከዛ ከሆዱ በታች ካለው ክንፍ ጫፍ የጥፍር ያህል ቁረጡና ኤታኖል ውስጥ ጨምሩ፣ አሳው ተመልሶ ይሄዳል፣ ክንፉም ያድጋል። ኤታኖሉ 95 በመቶ እና ከዛ በላይ ይሁን። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ ውሃው ብዙ ነው፣ ባለቀለሙም አይሆንም፣ አረቄም አይሆንም (የጠየቀኝ ሰው አለ፣ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም)። ቲዩቡ ውስጥ ስጋው ትንሽ ኤታኖሉ ብዙ፣ አንድ ለአስር ያህል፣ በማግስቱ ኤታኖሉን ቀይሩ። መቀሱን በየአሳው መሀል በረኪና ነክራችሁ በንጹህ ውሃ አጥቡ፣ አለበለዚያ የአንዱ ዲኤንኤ ሌላው ላይ ይሄዳል።

አሁን ስለ መለያ ጽሁፍ። በመጀመሪያ አመቴ ቲዩቦቹ ላይ በማርከር ቆንጆ አድርጌ ጻፍኩ፣ "ጉማ 001፣ ጉማ 002" እያልኩ፣ ጀልባዋ ተንገጫገጨች፣ አንዱ ክዳኑ ላልቶ ፈሰሰ፣ ኤታኖል ደግሞ ማርከር ያጥባል፣ ማታ ቤት ስደርስ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ የተኙ 40 ስም የሌላቸው ቲዩቦች ነበሩኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ማለት ይቀላል። ከዛ ወዲህ በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፌ ወረቀቱን ከስጋው ጋር ቲዩቡ ውስጥ ነው የምከተው፣ ውጪውም ላይ እጽፋለሁ፣ ደብተር ላይም እጽፋለሁ፣ ማታ ደግሞ ኤክሴል ላይ። እርሳስ! እስክሪብቶ አይደለም።

ከየወንዙ ከአንድ ዝርያ 30 አሳ ያህል ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ጂፒኤስ፣ የውሃ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ ድፍርስነቱን መዝግቡ፣ የታቹ ጠጠር ነው አሸዋ ነው ጭቃ ነው የሚለውንም፣ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ የሚወጣበት ቦታ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ አሳው የሚወልድበት ያ ጠጠር ነው።

ስለ ደህንነት በአጭሩ፦ ከሰአት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ይነሳል፣ ስራችሁን በጠዋት ጨርሱ፣ ላይፍ ጃኬት ልበሱ፣ ጉማራ ላይ ጉማሬ አለ ቀልድ አይደለም፣ ቢልሃርዚያም ስላለ ቦት ጫማ አድርጉ። መንገዱንም ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ አጣሩ።

ደረጃ 5፦ ላብራቶሪ

እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ዲኤንኤ ባርኮድ የሚባለው፣ ሲኦዋን የሚባለውን የማይቶኮንድሪያ (ከእናት የሚወረስ የራሱ ዲኤንኤ ያለው የሴል ክፍል) ጂን ወደ 650 ፊደል አንብቦ ዝርያ መለየት፣ ለብዙ አሳ ይሰራል፣ አምባዛን ከቀረሶ ይለያል፣ ሬስቶራንት የቀረበውን ፊሌቶ ምን አሳ እንደሆነ ይነግራችኋል። የጣናን ነጭ አሳዎች እርስ በርስ ግን አይለይም። ለምን? ጣና ከ15,000 አመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር፣ እንደገና ሲሞላ ነው እነዚህ አሳዎች የተስፋፉት፣ በዘረመል ሰአት ትናንት ማለት ነው። መልካቸው ተለያየ፣ ማይቶኮንድሪያቸው ግን ገና ለመለያየት ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ ነው ፎቶውን በደንብ አንሱ ያልኳችሁ፣ ዝርያውን የሚነግራችሁ መልኩ ነው። በውሃ ናሙና ብቻ (ውሃ ውስጥ የቀረውን የአሳ ዲኤንኤ አንብበን) ዝርያ እንለያለን የሚሉትንም ለዚህ ስብስብ ገንዘብ አታውጡበት፣ ለሌላ ስራ ሊጠቅም ይችላል።

ሁለተኛው ችግር፦ ሰው ክሮሞዞሙ 46 ነው፣ ሁለት ሁለት ቅጂ። ላቢዮባርበስ ወደ 150 ነው፣ ስድስት ቅጂ። ስለዚህ ማይክሮሳተላይት (አጭር ፊደል የሚደጋገምበት የዲኤንኤ ቦታ) ስትሰሩ ባንዱ አሳ ላይ ከሁለት በላይ አሌል (የአንድ ቦታ የተለያየ ቅጂ) ብታዩ አትደንግጡ፣ ቆሻሻ ላይሆን ይችላል። ኤስኤንፒ (የአንድ ፊደል ልዩነት) ስትሰሩ ደግሞ ተመሳሳይ ግን የተለያየ ቦታ ያሉ ጂኖች አንድ ላይ ተደርበው ሐሰተኛ ልዩነት ያሳያሉ፣ ሁሉም አሳ ሄትሮዛይገስ (ቅጂዎቹ የተለያዩ) የሆነበት ቦታ ካያችሁ አውጥታችሁ ጣሉት። ዳታውን ለሚተነትንላችሁ ሰው ከመጀመሪያው "ሄክሳፕሎይድ (ባለ ስድስት ቅጂ) ነው" ብላችሁ ንገሩት፣ ካልነገራችሁት ሶፍትዌሩ እንደ ሰው ነው የሚቆጥረው።

ዲኤንኤውን ከክንፉ ማውጣቱ ራሱ ከባድ አይደለም፣ ኪት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የማውጫ እሽግ) ካለ ኪት፣ ከሌለ በጨው የሚሰራው ዘዴም ለክንፍ ይበቃል። ናኖድሮፕ (የዲኤንኤ መለኪያ መሳሪያ) ላይ ንጽህናውን የሚያሳየው 260/280 ወደ 1.8 ከሆነ ደህና ነው። በየዙሩ አሳ የሌለበት ባዶ ቲዩብ ጨምሩ፣ ባዶው ላይ ባንድ (ዲኤንኤ እንዳለ የሚያሳየው መስመር) ከመጣ የሆነ ቦታ ተበክሏል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይቀልጣል ብላችሁ አትጨነቁ፣ ኤታኖል ውስጥ ያለ ክንፍ ጨለማ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ ወራት ይቆያል፣ የወጣው ዲኤንኤ ነው የሚያሳስበው።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን ማንበብ

ኤፍኤስቲ የሚባል፣ የወንዞቹ አሳዎች በዘረመል ምን ያህል እንደተለያዩ የሚለካ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ 0 ከሆነ ወንዞቹ አልተለያዩም፣ ከፍ ሲል ተለያይተዋል። የእናንተ ትንሽ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም አሳዎቹ ወጣት ናቸው፣ ስለዚህ ከ0 በእርግጥ ይለያል ወይ የሚለውን ፈትሹ፣ ከዛ ሁለተኛ አመት ደግማችሁ አጥኑት። አንድ አመት ብቻ አይታችሁ "የጉማራ አሳ የተለየ ነው" ካላችሁ ምናልባት የአንድ አመት ጫጩቶች ዘመዳማቾች ሆነው ይሆናል ያያችሁት። ልዩነት ካልተገኘ ደግሞ "አንድ ህዝብ ነው፣ እንደልብ ይገደብ" ማለት አይደለም። በትውልድ ጥቂት አሳ እየተሻገረ እንኳን ዘረመሉ ይመሳሰላል፣ የጠፋ ወንዝን ግን ጥቂት ተሻጋሪ በቶሎ አይሞላውም። ይህን አረፍተ ነገር ሪፖርታችሁ ላይ በደማቁ ጻፉት፣ አለበለዚያ ውጤታችሁ በእናንተው ላይ ይጠቀስባችኋል።

ደረጃ 7፦ ቢሮ፣ አንድ ገጽ በአማርኛ

ባለ 80 ገጽ ተሲስ በእንግሊዝኛ ለቢሮ ሃላፊ አትስጡ፣ አያነበውም፣ እኔም ብሆን አላነበውም። አንድ ገጽ። በላዩ ላይ፦ የትኛው ወንዝ፣ ከአፉ ወደ ሃይቅና ወደ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ስንት አስጋሪ ይነካል፣ በነዚያ ሳምንታት ምን ይሰራሉ። ህጉ አለ፣ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995፣ የክልሉም አዋጅ አለ፣ ጣና ደግሞ ከፈረንጅ 2015 ጀምሮ ዩኔስኮ የመዘገበው ባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮውና ነዋሪው አብረው የሚታሰቡበት ጥብቅ ቦታ) ነው። የጎደለው ቀንና ቦታ ነው፣ ያንን ነው የእናንተ ዳታ የሚሰጠው።

አንድ ማንም የማያነሳው ነገር፦ ፍልሰታ። ጾሙ ነሐሴ 1 ይገባል፣ በጾም አሳ የሚበላው ሰው ብዙ ነው፣ የከተማው የአሳ ፍላጎት ከፍ ይላል፣ እሱም ልክ አሳው ወንዝ አፍ ላይ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ።) ስለዚህ "ነሐሴን ሙሉ አሳ አትስገሩ" ብትሉ ማንም አይሰማም። "ነሐሴ ላይ ወንዝ አፍ ላይ መረብ አትጣሉ፣ ቀረሶውንና አምባዛውን ከሃይቁ ስገሩ" ብትሉ ግን ገበያውም አይዘጋም፣ አስጋሪውም ያስብበታል። ማህበሩ ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አድርጎ ቢጽፈውና ጠባቂውን ከራሱ ቢመድብ ከቢሮ ደብዳቤ ይሻላል፣ ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ የሚያድረው እሱ ነውና።

ለግድብ ሰዎች የምትጠይቁት የተለየ ነው፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ ታች የሚለቀቅ ውሃ፣ ከግድቡ በታች ያለ ጠጠር እንዳይነካ፣ በበጋ ደግሞ ጫጩቶቹ የሚቆዩባቸው ኩሬዎች በፓምፕ ተስበው እንዳይደርቁ። ፎገራ ላይ ፓምፕ ስንት እንዳለ በአይናችሁ ቁጠሩ፣ ቆጥራችሁ ካርታ ላይ አድርጉት።

አንድ ሰው መነሳቱ አይቀርም፣ "ለምን ጫጩት አራብተን አንለቅም?" ብሎ። በመጀመሪያ ወንዞቹ የተለያዩ ከሆኑ የአንዱን ልጅ ሌላው ላይ መልቀቅ ልዩነቱን መበጥበጥ ነው፣ ከጥቂት ወላጅ የተራባ ከሆነ ደግሞ ዘመዳማች መበራከት ነው። ከሌላ ቦታ ሌላ አሳ አምጥቶ ጣና ላይ መልቀቅ የሚለውን ሀሳብ ከሰማችሁ ላናኦን ንገሩት።

ደረጃ 8፦ ተመለሱ

ጥቅምት ላይ ውጤቱን ይዛችሁ መረብ የሳቡላችሁ ሰዎች ጋ ሂዱ፣ ፕሮጀክተር ሳይሆን የታተመ ፎቶ ይዛችሁ። እኔ የአሳ ፎቶ ከስሙ ጋር አሳትሜ ስወስድ ሽማግሌው ሁለቱን ተሳስተሃል ብለው ለዩልኝ፣ ቤቴ ገብቼ ልኬቱን ሳይ ልክ ነበሩ፣ ኤክሴሉን አስተካከልኩ። ከዛ ለሚቀጥለው አመት ቀን ቁረጡ፣ ኤታኖሉንም ግንቦት ላይ ግዙ፣ ሰኔ ላይ ሁሉም ተማሪ ስለሚፈልገው ሱቅ ላይ አይገኝም።